ሎስ አንጀለስ ላላችሁ፦ በፍልሰታ ፆመኛ እናት ይዞ ጣሊያን ደሊ ምሳ መብላት ይቻላል?

የሳሪስ_ልጅ

ሰላም ቤተሰብ። ምክር ፈልጌ ነው።

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ናት። ታላቅ ወንድሜ ከነልጆቹ ከላስ ቬጋስ ይመጣል። የባለቤቴ አክስትም ከደሴ መጥተዋል። ሁላችንም ሥራ ሳይኖረን አንድ ላይ የምንውለው አንድ ሐሙስ ብቻ ነው፤ እሱም በፍልሰታ መሀል ወደቀ። ልጆቹ ደግሞ ሳንታ ሞኒካ ያለው ቤይ ሲቲስ የሚባል ጣሊያን ደሊ (የተዘጋጀ ሥጋ፣ አይብና ሳንድዊች የሚሸጥበት ሱቅ) ካልሄድን ብለው ሙጭጭ ብለዋል። ትልቁ ልጄ እዚያ የሚሸጠውን "ጎድማዘር" የሚባል ሳንድዊች ካልበላሁ ይላል፤ ሌላ ወሬ የለውም።

አሁን ችግሩን ስሙኝ። እናቴ ፍልሰታን አጥብቃ ትጾማለች፤ ዓሣም አትቀምስም። አክስታችን ሙስሊም ናቸው፤ ሐላል ካልሆነ ሥጋ አይነኩም። ወንድሜ አይጾምም፣ አሳማ ግን በዓይኑ አያይም። የሱ ሴት ልጅ ሥጋ ትታለች። ባለቤቴ የተገኘውን ይበላል፣ እግዜር ይስጠው።

ሁሉንም ያለ ኩርፊያ የሚያበላ ዘዴ ያለው አለ? ወይስ ልጆቹን ቆጣ ብዬ ፌርፋክስ ሄደን በየዓይነቱ ብንበላ ይሻላል?

ጎመን_በሥጋ

ኧረ እህቴ! በየዓይነቱ እያለልሽ ፆመኛ ሰው ይዘሽ አሳማ ከጣሪያ የሚንጠለጠልበት ቤት? እናትሽ ደረቅ ዳቦ ሲበሉ ልታያቸው ነው? ሊትል ኢትዮጵያ ሂዱ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ሱፍ ፍትፍቱ አለ። ጨረስኩ።

ቬኒስ_ነኝ

ጎመን በሥጋ፣ ስምህ ራሱ በፆም ሰሞን ምስክር አይሆንም 😂

እህቴ፣ እኔ ለቤይ ሲቲስ ቅርብ ነኝ፤ ቤቱን አውቀዋለሁ። የሊንከን ቡሌቫርዱ ነው አይደል? አንድ ነገር ልንገርሽ። ሁላችሁም የተሳሳተ ነገር እያሰባችሁ ነው። የምታስቡት ሳንድዊች ነው። ቤቱ ግን በመጀመሪያ ግሮሰሪ ነው። በ1925 የተከፈተ የጣሊያን ሱቅ ነው፤ መቶ ዓመት ሞልቶታል። ሰው በሳንድዊቹ አወቀው እንጂ መደርደሪያው ላይ የወይራ ዘይቱ፣ ደረቅ ፓስታው፣ የቲማቲም ቆርቆሮው፣ በጠርሙስ ያለ ቃሪያውና አርቲቾኩ (እምቡጡ የሚበላ አትክልት ነው) ተደርድሯል። ባንኮኒው ውስጥ ደግሞ በሚዛን የሚሸጥ የተዘጋጀ ሰላጣ አለ። ዳቦውን እዚያው ይጋግሩታል።

ስለዚህ ለሰው ሁሉ አንድ አንድ ሳንድዊች ካዘዝሽ እናትሽ ይቸገራሉ፣ አክስትሽም ይቸገራሉ። እንደ ገበያ ከገባሽበት ግን ከዚያ ቤት ያለ ሥጋ፣ ያለ አይብ፣ ያለ እንቁላል ሙሉ ማዕድ ይወጣል። ደቡብ ጣሊያን ደሀ አገር ነበር። አብዛኛው ወደ አሜሪካ የፈለሰው ጣሊያናዊ የመጣው ከዚያ ነው፤ በአዘቦት ቀን የሚበላውም ባቄላ፣ አትክልት፣ ዳቦና ዘይት ነው። ሥጋው የበዓል ነበር። እናትሽ ይሄን ከማንም በላይ ይረዱታል።

ሌላው፣ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚበላበት አዳራሽ አለ ብለሽ እንዳትሄጂ። ውጪ ጥቂት ጠረጴዛ አለ፣ ለናንተ ዓይነት ሠራዊት ግን አይሆንም። ገዝታችሁ ኦሽን አቬኑ ላይ ፓሊሴድስ ፓርክ ሂዱ። ገደሉ አፋፍ ላይ ያለው ረጅሙ መናፈሻ ነው። ሣር አለ፣ ጥላ አለ፣ ከታች ውቅያኖሱ ነው።

የሳሪስ_ልጅ

ቬኒስ_ነኝ እግዜር ይስጥህ፣ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ግን ወረፋውስ? እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ብዙ መቆም አትችልም።

ቬኒስ_ነኝ

ወረፋው እውነት ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሰዉ እስከ በር ይደርሳል። ግን እስቲ ልጠይቅሽ፤ እናትሽ በፍልሰታ ስንት ሰዓት ነው የሚቀምሱት?

የሳሪስ_ልጅ

ቅዳሴ ባትሄድም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አትቀምስም። ውሃም ቢሆን።

ቬኒስ_ነኝ

በቃ ተገላገልሽ። ዘጠኝ ሰዓት ማለት እዚህ ሦስት ፒ ኤም ነው። ያኔ የቢሮው ሠራተኛ በልቶ ተመልሷል፣ ሱቁ ይቀዘቅዛል። ስምንት ተኩል ግድም ግቡ። እናትሽ መኪና ውስጥ ይቀመጡ፤ ወይም ከባለቤትሽ ጋር አስቀድመው ፓርኩ ላይ ቦታ ይያዙ። የልጁን ሳንድዊች ከቤት በኦንላይን እዘዢው፤ በቀጠሮው ሰዓት ትወስጃለሽ። ከባንኮኒው የሚገዛውን ግን ቁጥር ቆርጠሽ ነው የምትጠብቂው። የሚዘጉበትን ሰዓትና ቀን ስልክ ደውለሽ አረጋግጪ።

ጎመን_በሥጋ

እሺ ሰዓቱስ ይሁን። በአሳማ ቢላ የተቆረጠውንስ ምን ልትሉት ነው?

የባንኮኒ_ሰው

እዚህ ላይ ልግባ። እዚህ አገር ስመጣ መጀመሪያ የተቀጠርኩት ደሊ ውስጥ ነው፤ ሥጋ መቁረጫ ማሽን ላይ። ቤይ ሲቲስ አይደለም፣ ሌላ ሰፈር ያለ ቤት ነው። አሠራሩ ግን የትም ያው ነው።

መጀመሪያ ጎድማዘር ውስጥ ያለውን እወቁት። ጄኖዋ ሳላሚ፣ ሞርታዴላ፣ ካፒኮላ፣ ሃም፣ ፕሮሹቶ፣ ከላዩ ፕሮቮሎኒ አይብ። አምስቱም ሥጋ የአሳማ ነው። ፕሮሹቶ የአሳማ የኋላ እግር ነው፤ ጨው ታሽቶ ከአንድ ዓመት በላይ ይሰቀላል፣ እሳት አይነካውም። ካፒኮላ ከአንገትና ከትከሻው ነው። ሞርታዴላ በጣም ተፈጭቶ የሚበስል ነው፤ ውስጡ የሚታየው ነጭ ነጭ አራት ማዕዘን ስብ ነው። ስለዚህ "አሳማውን አውጡልኝ" ብትዪ ዳቦና አይብ ነው የሚተርፍሽ።

ለወንድምሽ፦ ሮስት ቢፍ የበሬ ነው። ፓስትራሚም በአብዛኛው የበሬ ነው፤ የቱርክ ፓስትራሚም አለ። ብሬሳኦላ የሚባል ካገኘሽለት ደግሞ እሱን አቅምሺው። ከሎምባርዲ ተራራ፣ ከቫልቴሊና ነው የመጣው። የበሬ ጭን ነው፤ በጨውና በቅመም ተዘፍዝፎ በአየር የሚደርቅ። የኛ ቋንጣ ሳይዘለዘል ሙሉውን ቢደርቅና እንደ ወረቀት ቢሳሳ ማለት ነው። በሎሚና በወይራ ዘይት ይበላል።

ስለ ማሽኑ ጎመን በሥጋ ልክ ነው፤ አልዋሽም። በጥድፊያ ሰዓት ሮስት ቢፉም ሃሙም በአንድ ምላጭ ሊያልፍ ይችላል። በየመሀሉ ይጠረጋል እንጂ ተፈትቶ አይታጠብም። ተፈትቶ መታጠብ የራሱ ሰዓት አለው። ሱቁ ሲቀዘቅዝ በትህትና ብትጠይቂ ጓንት ይቀይራሉ፣ ምላጩን ያጸዱልሻል። ማንም አይቆጣሽም። አይሁድም ሙስሊምም ሲጠይቅ የኖረ ነገር ነው። ልቧ ለማይረጋ ሰው ግን ማሽን የማይነካውን ግዢ። የታሸገ፣ የቆርቆሮ፣ የጠርሙስ።

የሳሪስ_ልጅ

ጋሼ የባንኮኒ ሰው፣ በጣም አመሰግናለሁ። (ጋሼ ያልኩት ከአጻጻፍዎ ነው፣ ከተሳሳትኩ ይቅርታ።) ለእናቴስ? ፆም መስሎ ፆም ያልሆነውን ንገሩኝ፤ እኔ የምፈራው እሱን ነው።

የባንኮኒ_ሰው

ጋሼ ይሁን፣ ዕድሜዬ ይፈቅዳል።

ፆም መስሎ የሚያስተው ብዙ ነው። ፔስቶ የሚሉት ስጎ አረንጓዴ ነው፣ ቅጠል ይመስላል፤ ውስጡ አይብ አለ። ሚኒስትሮኔ የአትክልት ሾርባ ነው ይባላል፤ ብዙ ቦታ መረቁ የሥጋ ነው፣ ወይ የፓርሚጃኖ አይብ ቅርፊት ይቀቀልበታል። የተጠበሰ ደበርጃን በእንቁላል ተነክሮ ሊሆን ይችላል። ትኩስ ፓስታ የሚሉት በእንቁላል የተቦካ ነው። የአትክልቱ ሰላጣም ላይ አንዳንዴ አይብ ይነሰነስበታል። ፎካቻ የሚሉት ጠፍጣፋ ዳቦ በወይራ ዘይት ነው የሚጋገረው፤ ግን በአንዳንድ የጣሊያን አገር የአሳማ ስብ የሚጨምሩ አሉ። እናትሽ ከሚበሉት በፊት "ስብ አለው ወይ?" ብለሽ ጠይቂ፤ አንድ ጥያቄ ነው።

ተራው ደረቅ ፓስታ ግን ችግር የለበትም። ጣሊያን ውስጥ ተራ ደረቅ ፓስታ ከዱረም ስንዴና ከውሃ እንዲሠራ ሕግ ነው፤ እንቁላል የገባበት ደረቅ ፓስታም ስላለ ግን ማሸጊያውን አንብቢ።

የሚበላውን ልንገርሽ። ካፖናታ ካላቸው እሱን አትለፊ። የሲሲሊ ነው፤ ደበርጃን ተጠብሶ ከሰለሪ፣ ከቲማቲም፣ ከወይራ ፍሬና ከአቼቶ ጋር ይሠራል። ትንሽ ስኳር ስላለው ኮምጠጥም ጣፈጥም ይላል፤ ቀዝቅዞ ነው የሚበላው። አንዳንድ ሰው ግን ቱና ይጨምርበታልና ጠይቂ። ከዚያ የተጠበሰ ቀይ ቃሪያ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት። ነጭ ቦሎቄ በሎሚ። አርቲቾክ። እንጉዳይ። የወይራ ፍሬ። ግማሽ ግማሽ ፓውንድ እያልሽ አስመዝኚ። ለስምንት ሰው ይበቃል፣ ይተርፋልም።

ዲቁና_ያልጨረሰ

ለእናትሽ ቱናውን ምን ከለከላቸው? ዓሣ እኮ በፆም ይፈቀዳል ብዙ አባቶች…

ጎመን_በሥጋ

አይፈቀድም! በፍልሰታ!

ዲቁና_ያልጨረሰ

በዐቢይ ፆም ያልከው ከሆነ ልክ ነህ፣ ግን ረቡዕና ዓርብ ላይ እኮ

አስተናባሪ

ወንድሞቼ፣ የዓሣው ክርክር የራሱ ክር አለው፤ በየዓመቱ ይከፈታል፣ በየዓመቱ ይዘጋል። ሴትየዋ እናቴ ዓሣ አትቀምስም ብላለች። አለቀ። ወደ ምሳው።

ሐናን_ከአናሃይም

የሳሪስ ልጅ፣ ስለ አክስታችሁ ልናገር። እኔም እናቴን እንዲህ ዓይነት ቤት ወስጃት አውቃለሁ። ለሽማግሌ ሰው የምግቡን ያህል የሚከብደው መጠየቁ ነው። አስተናጋጁ ፊት "ይሄ ምንድነው፣ ያ ምንድነው" እየተባለ ሰው ሲያያቸው ያፍራሉ፣ ከዚያ "አልራበኝም" ይላሉ። አንቺ ቀድመሽ ለይተሽ ጨርሺ። በቆርቆሮ ወይ በጠርሙስ ያለ፣ በወይራ ዘይት የተዘፈዘፈ የጣሊያን ቱና ግዢላቸው። ከሱፐርማርኬቱ ጋር አይገናኝም፤ እንደ ሥጋ ወፍራም ነው። ለብቻቸው ዳቦ ያዢላቸው። ቲማቲም ጨምሪበት። ትኩስ ሞዛሬላ ከወደዱ በበዚል ቅጠል ይበላሉ፤ በምን እንደሚረጋ የሚጠነቀቁ ከሆነ ግን ማሸጊያውን አንብቢላቸው ወይ ተዪው።

ቢላም ከቤት ያዢ። እናቴ የሱቁን የፕላስቲክ ቢላ እንኳ ተጠራጥራው ነበር።

የሳሪስ_ልጅ

ሐናንዬ፣ "አልራበኝም" ያልሽው ልክ ልኬን ነው የነገረኝ። አክስታችን ሱፐርማርኬት ውስጥም እንደዚያ ናቸው። አመሰግናለሁ።

አጎት_ኢንግልዉድ

ልጆች፣ ሳንታ ሞኒካ ሩቅ ለሆነባችሁ ሌሎችም አሉ። ዳውንታውን አጠገብ፣ ከቻይና ሰፈር ከፍ ብሎ አልፓይን ጎዳና ላይ ኢስትሳይድ ማርኬት አለ። በ1929 የተከፈተ ነው። እዚያ ስሙ የገነነው ትኩስ የሮስት ቢፍና የፓስትራሚ ሳንድዊች ነው፤ የበሬ ስለሆነ ለኛ ሰው ይመቻል። ያ ሰፈር የድሮ ጣሊያኖች ሰፈር ነበር። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ኦልቬራ ጎዳና ጋ በ1908 የተሠራው የጣሊያኖች አዳራሽ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ አሁን ሙዚየም ሆኗል። ሳን ጋብርኤል በኩል ላላችሁ ደግሞ ክላሮስ አለ፣ እሱም ከ1948 ጀምሮ።

ለነገሩ እኔ ለእናቴ ይሄን ሁሉ አልመክርም ነበር። እናቴ፣ ነፍስ ይማር፣ "ጣሊያን ያበሰለውን አልበላም" የሚሉ ሰው ነበሩ። አባታቸው በአምስቱ ዓመት ዱር የወጡ ናቸው።

ቬኒስ_ነኝ

ነፍስ ይማር ጋሼ። ፓስታ ግን አይበሉም ነበር?

አጎት_ኢንግልዉድ

ፓስታማ ይበሉ ነበር! በስጎ፣ በርበሬ ነስንሰው፣ በእንጀራ ጠቅልለው። "ይሄ የኛ ነው" ይሉ ነበር። ማን ይከራከራቸዋል?

እውነት ለመናገር ያ ቁጣ ከጣሊያኑ ወታደር እንጂ ከፓስታው ጋር አልነበረም። በኛ አቆጣጠር በ1933 ጣሊያን ከወጣ በኋላ አዲስ አበባ የቀሩት ጣሊያኖች ጋራዥ ከፈቱ፣ ምግብ ቤት ከፈቱ። ፒያሳ ካስቴሊ ቤት ያልገባ የድሮ ሰው ካለ ብር ስላጣ ነው።

ሜክሲኮ_አደባባይ

ሞርታዴላ ስትሉ እኔን ናፍቆት ገደለኝ። ተማሪ እያለን ሱቅ በር ላይ በዳቦ የሚሸጠው! ያ የበሬ ነበር። እዚህ መጥቼ መጀመሪያ ቀን "ሞርታዴላ!" ብዬ ዘልዬ አዝዤ፣ ጓደኛዬ የአሳማ ነው ሲለኝ አፌ ውስጥ ነበር።

የባንኮኒ_ሰው

ምን አደረግከው?

ሜክሲኮ_አደባባይ

ዋጥኩት 🙈

የባንኮኒ_ሰው

እግዜር ይፍታህ። ለማንኛውም ያንኛው የቦሎኛው እውነተኛ ሞርታዴላ ከሆነ ዕድለኛ ነህ። የአሳማ በሽታ ተፈርቶ ከ1967 እስከ 2000 ድረስ ከጣሊያን ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። በነዚያ ዓመታት እዚህ የሚበላው አሜሪካ የተሠራው ነው። ሐላል የበሬ ሞርታዴላም አለ፤ የአረብ ግሮሰሪዎች ውስጥ ታገኘዋለህ። ናፍቆትህ ከባሰብህ እዚያ ሂድ።

የሳሪስ_ልጅ

ቤተሰብ ተመልሰናል! ሄድን፣ በላን፣ ማንም አላኮረፈም። ለሌላ ሰው ይጠቅማል ብዬ እንደነበረው ልጻፈው።

የልጁን ጎድማዘር ከቤት አዘዝን። "ከነ ሙሉ ነገሩ" ይሉታል፣ ማለትም ሰላጣው፣ ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱ፣ ፒክሉ፣ ማዮኔዙ፣ ሰናፍጩ፣ ድሬሲንጉ፣ ቃሪያው ሁሉ ይገባል። የሚያቃጥለውን ቃሪያ መረጠ። ባለቤቴ ልጆቹንና እናቴን ፓርኩ አውርዶ ወንድሜና እኔ ሱቅ ገባን። አክስታችን "እኔም አያለሁ" ብለው ተከተሉን። ሰው ነበር፣ ግን ቶሎ ቶሎ ይሄዳል።

አክስታችን ባንኮኒውን ትተው መደርደሪያው ውስጥ ጠፉ። ሳገኛቸው የቲማቲም ቆርቆሮ ያነባሉ። የደሴ ነጋዴ ናቸው እኮ! የፓስታውን ዓይነት፣ የዘይቱን ዓይነት፣ ዋጋውን ሁሉ እያነሱ "ይሄ ሁሉ ለምንድነው?" ይላሉ። የጨጓራ ቅርጽ ያለው ፓስታ አግኝተው ሳቃቸው አላቆም አለ። እሱን ገዛንላቸው፣ ለደሴ ስጦታ ነው። ከባንኮኒው ያለው ጭንቀት በዚያው ተረሳ። ቱናውን ራሳቸው መረጡ፣ በጠርሙስ ያለውን።

ለእናቴ ካፖናታ፣ የተጠበሰ ቃሪያ፣ ነጭ ቦሎቄ፣ አርቲቾክና ወይራ አስመዘንን። ሁሉንም አይብ፣ እንቁላልና ዓሣ አለው ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አንዱ ሰላጣ አይብ አለው አሉኝ፣ እሱን ተውነው። የባንኮኒው ልጅ ታጋሽ ነበር፤ የምንቀምሰውም ሰጠን። እኔ እምቢ አልኩ፣ ዘጠኝ ሰዓት አልደረሰም ነበር። ወንድሜ ሮስት ቢፉን ሲያዝ "ምላጩን ጥረጉልኝ" ብሎ ጠየቀ፤ ፊታቸውን ሳያጠቁሩ ጠረጉለት። ሥጋ የማትበላዋ ልጅ ከእናቴ ገበታ ተካፈለች፤ ለእሷ ምንም ማሰብ አላስፈለገም።

እናቴ ግን ወይራው ላይ ቆመች። "ወይራ ፍሬው ይበላል እንዴ? እኛ እኮ የምናጨሰው ነው" አለች። የወተት ዕቃ ስታጥንበት የኖረችው እንጨት ፍሬ አፈራና ሊበላ መጣ። አንድ ቀመሰች፣ ፊቷን ጨመደደች፣ ሌላ አነሳች። በመጨረሻ ያለቀው ወይራው ነው። ቦሎቄው ላይ ከቦርሳዋ ሚጥሚጣ አውጥታ ነሰነሰችበት። ሚጥሚጣ ይዛ መምጣቷን ማንም አያውቅም ነበር። አክስታችን እጃቸውን ዘረጉ፣ ቱናው ላይ አደረጉ። ከዚያ ሚጥሚጣው በሁሉ ሰው እጅ ዞረ። የልጄ ጎድማዘር ላይም ደርሷል፣ ጣሊያኖቹ ይቅር ይበሉን።

ልጄን አሳማውን ይዞ ከሣሩ ዳር ብቻውን አስቀመጥነው። እሱም ደስ አለው፣ የሚካፈለው አጣ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዳቦው ቅርፊቱ ጠንካራ ነው። ጣፋጭ ነው፣ ግን ለሰው ሠራሽ ጥርስ አይሆንም። እናቴ ውስጡን እያወጣች በካፖናታው ዘይት እያራሰች በላች። ለሽማግሌ የምትገዙ ለስላሳውን ዳቦ ጠይቁ።

ሐናን_ከአናሃይም

አክስታችሁ ቆርቆሮ ሲያነቡ ታየኝ 😄 አልሐምዱሊላህ።

ጎመን_በሥጋ

ካፖናታው ምን ያህል ይቆያል? ለራሴ አይደለም የምጠይቀው።

የባንኮኒ_ሰው

ለራስህ እንዳልሆነ ገብቶናል። ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት ቀን ይቆያል። እንዲያውም በነጋታው ይሻላል፣ አቼቶው ይገባበታል። ከመብላትህ ትንሽ ቀደም ብለህ አውጣው፤ በጣም ሲቀዘቅዝ ጣዕሙ ይደበቃል።

አምስተኛ_ፎቅ

መኪና ለሌለን ሰዎችስ? እናቴ መጥታለች፣ እኔ ግን አልነዳም።

ቬኒስ_ነኝ

በባቡር ትችላለህ። ኢ መስመር መጨረሻው ዳውንታውን ሳንታ ሞኒካ ነው፣ አራተኛ ጎዳናና ኮሎራዶ ላይ። ከዚያ ወደ ሊንከን ጥቂት ብሎክ ነው። ግን ሱቁ በአንድ በኩል፣ ፓርኩ በሌላ በኩል ነው። እናትህ መራመድ ካቃታቸው አንተ ሱቅ ስትሄድ ጣቢያው አካባቢ አስቀምጣቸው፤ ዕቃውን ይዘህ ስትመለስ አብራችሁ ወደ ውቅያኖሱ ውረዱ። መኪና ያላችሁም ቢሆን የሱቁ ፓርኪንግ ትንሽ ነው፣ ለሱ ብላችሁ አትዙሩ።

አምስተኛ_ፎቅ

አመሰግናለሁ ወንድሜ። የሚጠጣስ? በፆም ኮካ ሰለቸን።

ሜክሲኮ_አደባባይ

ሳን ፔሌግሪኖ አለ። አምቦ ውሃ ለለመደ ሰው ጋዙ ለስለስ ይልበታል፤ ብርቱካኑ ግን ጥሩ ነው።

የሳሪስ_ልጅ

እኛም እሱን ነው የጠጣነው። እናቴ "አምቦ ይሻላል" አለች፣ እንደተጠበቀው።

በነገራችን ላይ ከአክስታችን ጋር የገዛነው የሳን ማርዛኖ ቲማቲም ቆርቆሮ ትናንት ተከፈተ። እናቴ ቀይ ሽንኩርት በዘይት ቁሌት አድርጋ፣ በርበሬ ጨምራ፣ ቲማቲሙን በእጇ እየጨፈለቀች ስልስ ሠራችበት። ፓስታው ላይ ገለበጥነው። ጋሼ የባንኮኒ ሰው፣ ሁለት ቆርቆሮ ለምን አልገዛሽም ብላኝ ተቆጥታለች። ከፌርፋክስ አካባቢ ቅርብ የሆነ ሱቅ የት ይገኛል?

የባንኮኒ_ሰው

ፌርፋክስ ላይ ያለው የገበሬዎች ገበያ አጠገብ ያሉትን ትልልቅ ግሮሰሪዎች እዪ፤ ሳን ማርዛኖ በብዙ ቦታ አለ። ቆርቆሮው ላይ ግን የጣሊያኑን የትውልድ ቦታ ማኅተም ፈልጊ፣ ቀይና ቢጫ ክብ ነው። ያለዚያ "ሳን ማርዛኖ ዓይነት" የሚል ካሊፎርኒያ የበቀለ ቲማቲም ነው የምትገዢው። እሱም መጥፎ አይደለም፣ ዋጋው ግን ሊቀንስ ይገባል።